በአሠሪዎቹ ፊት የተሞላው መጠይቅ

ለተከበሩ አቶ መልከጼዴቅ፣
የድርጅታችን የፕሮግራም ኃላፊ፣
ቶንፒንግ፣ ጁባ

ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎ ጄኔሬተርም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ሥር ስድስት ዓመት ያገለገልኩ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ እንደመሆኔ፣ ከአገር ቤት መጥተው በሙኑኪ ሰፈር ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የሚሠሩ እህቶቻችንን በየቤታቸው መጎብኘታችን ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ቀርቶ በስልክ መልእክት እንዲተካ መወሰንዎን በታላቅ አክብሮት ሰምቻለሁ። ውሳኔው በጥናት የተደገፈ ነው ስለተባለ ጥናቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩ኛ. ከአርባ አራት አስተናጋጆች አርባ ሦስቱ «ምንም ችግር የለብኝም» ማለታቸው እጅግ አስደስቶኛል። ጠያቂዎቹም ጨዋዎች ናቸው፤ በየምግብ ቤቱ ጥብስ ቀርቦላቸው፣ የቤቱ እመቤት አጠገባቸው ተቀምጣ «ብሉ እንጂ» እያለቻቸው መጠይቁን ሞልተዋል። የአገራችን ልጅ በእንግዳና በአሠሪዋ ፊት ብሶቷን እንደማታወራ እርስዎም አያጡትም። ዝም ያለችው አርባ አራተኛዋ ደግሞ «መልስ አልሰጠችም» ተብላ ከስሌቱ ወጥታለች።

ከአርባ ሦስቱ አንዷን በፈቃዷ ዶርቃ እላታለሁ። ስሟን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ጥናቱማ ከነአባቷ ስም በአባሪው አትሞታል። በመጠይቁ ላይ «በጣም ተመችቶኛል» ብላለች። እኔ ግን አራት ሐሙስ ተመላልሼ፣ በተከራየቻት ክፍል ልብስ አብሬያት እያጠፍኩ ነው ይህን የሰማሁት፦ «እትዬ፣ ፓስፖርቴ አሠሪዬ ዘንድ ነው። ልሂድ ብላት እንኳ በምኔ እሄዳለሁ?»

ፓስፖርቷን ለማስመለስ ሽማግሌዎች ማነጋገር ጀምሬ ነበር። ጉብኝቱ ከቆመ እሱም እዚያው ይቀራል።

፪ኛ. የስልክ መልእክት ያጽናናል የሚለው፣ በውሳኔዎ የተጠቀሰው ሌላው ጥናት የተሠራው በሩቅ አገር፣ የየራሳቸው ክፍልና ስልክ ባላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ዶርቃ ሥራ ስትገባ ስልኳን ለአሠሪዋ ታስረክባለች። ስለዚህ «ችግርሽን ንገሪን» የሚለውን መልእክትዎን ቀድማ የምታነበው አሠሪዋ ናት። ለአሠሪዋ ስላሰቡላት እናመሰግናለን።

፫ኛ. ይህንን ሁሉ በስብሰባ ላይ ባነሳ «ስሜታዊ ሆነሻል» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ቁጭ ብዬ መሥራት አቅቶኛል፤ የቀሩትን ሐሙሶች ስቆጥር እውላለሁ፤ ሁለት ናቸው።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሴቶቹ በሚያውቁት ሰው፣ ብቻቸውን እንደገና ይጠየቁ፤ እስከዚያ ጉብኝቱ አይቁም።

ዕውቀትዎ እንዲበዛ፣ ሪፖርትዎም አንባቢ እንዲያገኝ ከልብ የምመኝ ታዛዥዎ፣

አመለወርቅ
ከሙኑኪ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሰኞ ስለ አመራርዎ የእርካታ ቅጽ አድለውን፣ ሞልተን እስክናስረክብ ድረስ ከፊታችን ተቀምጠው ነበር። ሁላችንም «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለናል፤ እኔም ጭምር። እባክዎ ውጤቱን እንዳያምኑት።