ማኅበራችን ልቀቱን በግማሽ ይቀንሳል

አሶሳ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐኒ ደባልቄ
አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበትሽ የምልሽ ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መጻፍ ነውር ስለሆነ ነው። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ባልሆንም ለአንቺ አልነግርሽም ነበር። ስትደውዪ ስልኬን የማላነሣው ታምሜ አይደለም። የሰው ንግግር ስለምታቋርጪ ነው። ደብዳቤ አይቋረጥም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

ይቅርታ የሚል ቃል ከፈለግሽ እዚህ ውስጥ አታገኚም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ፤ ያኔ ተቆጥተሽ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ስለተነሣሽ ለመነጋገር ጊዜ አልሰጠሽኝም።

ሊቀመንበሩ ብሆንም አንቺን ወደ ማኅበራችን የጠራሁ እኔ አይደለሁም። ሰሊጣችንን የሚገዙት የውጭ ሰዎች «ከሕንጻችሁና ከሥራችሁ የሚወጣውን ጭስ ካልቀነሳችሁ ሌላ ሻጭ እንፈልጋለን» ብለው ጻፉ። ምክትሌ ኢቲዳል ያንቺን መሥሪያ ቤት ጠራች፤ መሥሪያ ቤትሽም አንቺን ላከ። በአውሮፕላን መጥተሽ ስለ ጭስ ልታስተምሪን። ያኔ አልተናገርኩትም፤ አሁን ተናግሬዋለሁ።

የናፍጣውን በርሜል በእንጨት ስትለኪ፣ የመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ስትወጪ፣ ጄኔሬተሩን እንደ ሐኪም ስታዳምጪ ቻልኩት። ያን ጄኔሬተር ከነቀምት በጭቃ ጎትተን ስናመጣው አንቺ አልተወለድሽም። የእንግሊዝኛ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አስነሣሁት። ቆርቆሮውንም የመታሁት እኔ ነኝ። ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ የተሰጠን የሣር ጎጆ ነበር፤ በአንድ የበጋ ቀን እሳት ተነሥቶ መንደሩን ሲበላው ቆሜ አይቻለሁ። ቆርቆሮ የመታ ሰው እሳት ሳይፈራ ይተኛል። አንቺ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ቀርቀሃ ይለበጥ፣ ላዩ ነጭ ይቀባ፣ የቢሮው ኤሲ ይነሣ፣ ጄኔሬተሩ በሶላር ይተካ አልሽ።

ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት በመጋዘኑ በር ላይ የለጠፍሽውን ነው። «ማኅበራችን በአምስት ዓመት ውስጥ ልቀቱን በግማሽ ይቀንሳል።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ራሴን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። ልቀት ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ልቀት ከላቀ ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የምስክር ወረቀት «ለሥራ ልቀት የተሰጠ» ይላል። በአባላቱ ፊት ተነሥቼ «እኛ ሌሎችን ለመብለጥ ዕድሜያችንን ጨረስን፤ ልጄ ደግሞ ብልጫችንን በግማሽ ልትቀንስልን መጣች» ያልኩት ለዚህ ነው። ሰው አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ «የቀረውን ግማሽ ለማን ልንሰጥ ነው?» ብሎ አሳቀ።

ያኔ አንቺ ተነሣሽ። «አባዬ፣ ይኼኛው ልቀት ከላቀ አይደለም፣ ከለቀቀ ነው። ወደ አየር የምንለቀው ጭስ ማለት ነው» አልሽ። ፈገግ ብለሽ ነበር። ሳቁ ዞሮ በእኔ ላይ ሆነ። የዘይት መጭመቂያው ሠራተኛ ሚፍታህ እንኳ፣ እኔ ያስቀጠርኩት ሰው፣ አፉን በፎጣ ሸፍኖ ሳቀ።

ሐኒ፣ ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል በር ላይ የሚለጥፍ ሰው ነው ጥፋተኛው፤ ያነበበው አይደለም። በአፍ ሲነገር ይለይ እንደሆነ እንጃ፤ በጽሑፍ አንድ ነው። «ጭሳችንን እንቀንሳለን» ብትዪ ምን ይጎድልሽ ነበር? ይህን ዛሬም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ።

ሳቁ ሳይበርድ «እኔ በዚህ ወንበር ላይ እያለሁ ያ ጄኔሬተር ከቦታው አይነሣም፤ ይኼ ዕቅድም ፊርማዬን አያገኝም» አልኩ። ሊቀመንበሩ ያልፈረመበት ዕቅድ ለአባላት ድምፅ እንደማይቀርብ ታውቂያለሽ። ሰው ሁሉ ሰማ። አንቺም ሰምተሽ ወረቀትሽን ሰብስበሽ ወጣሽና ሆቴል አደርሽ። የአባትሽ ቤት ባለበት ከተማ፣ ሆቴል።

ከሄድሽ በኋላ ዕቅድሽን አነበብኩት። እንድታውቂው ያህል እንጂ ለምስጋና አይደለም። ወደ መንጌና ወደ ባምባሲ የሚሄዱት መኪኖች ግማሽ ጭነው ሄደው ባዶ ይመለሳሉ፣ ጉዞው ይቀናጅ ያልሽው እውነት ነው። ኑጉ በእንጨት ፋንታ በለውዝ ቅርፊት ይቆላ የሚለውም ይሆናል። የሶላሩ ነገር ላይ ስደርስ ደስ አለኝ፤ የአሶሳን ደመናማ ክረምት የረሳሽው መስሎኝ ነበር። ገጹን ስገልጥ አስበሽበታል። ይኼ ይበልጥ አናደደኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። «አንድ የሥራ ኃላፊ መስኮት ከፍቶ ኤሲ ያሠራል» ብለሽ ጽፈሻል። ያ ኃላፊ እኔ ነኝ። የተዘጋ ክፍል እንደማልወድ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂያለሽ። ስሜን መጻፍ ሲገባሽ ሸሸግሽኝ። ማንም እንዲሸሽገኝ አልፈልግም።

ባለፈው እሑድ ኢቲዳል ዘንድ ሄድኩ። አገሬው እንደሚሠራው ቤቷ የቀርቀሃና የሣር ነው። ውጭው ፀሐይ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ውስጡ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ይህን የምጽፈው ስለ ቤቷ ነው፤ ስለ ዕቅድሽ አይደለም።

«አቡ ሐኒ፣ ይሄ ቤት ይሞቃል?» አለችኝ፤ የሐኒ አባት ብላ በአንቺ ነው የምትጠራኝ።

«አይሞቅም።»

«ኤሲ አለ?»

«ነገር አታዙሪብኝ።»

«እኔ አላዞርም። ልጅህ እውነት ተናገረ፣ እሱ ብዙ ደከመ። አንተ አንድ ቃል ይዘህ ቀረህ።»

ለወትሮው ሴቱን ወንድ ስታደርግ አርማታለሁ። ያን ቀን አላረምኳትም።

«በሰው ፊት የተናገርኩትን አልበላም» አልኳት።

«አንተ አትበላም። ሚፍታህ ጭስ ይበላል። አንተ መዝገበ ቃላት ትበላለህ፣ ትጠግባለህ፣ ቤት ትገባለህ።» እሷም ሳቀችብኝ። ዘንድሮ የማይስቅብኝ ሰው የለም።

ሚፍታህ እውነትም ያስላል። ከጄኔሬተሩ አጠገብ ስለሚውል ነው አሉኝ። ትንባሆ ይሆናል ብዬ ራሱን ጠየቅሁት። «አባባ፣ እኔ ትንባሆ የት አውቄ፤ ለእኔ የሚያጨስልኝ የእርስዎ ጄኔሬተር ነው» አለኝ። ባለጌ ነው። ግን ይህንንም ሲናገር እያሳለ ነበር።

እኔ ቃሌን አላጠፍኩም፤ አላጥፍምም። በወንበሩ ላይ እስካለሁ ድረስ ጄኔሬተሩ አልተነሣም፣ ዕቅድሽም ፊርማዬን አላገኘም። ሰኞ ጠዋት ወንበሩን ለቀቅሁ። ማኅተሙንና የቢሮውን ቁልፍ ለኢቲዳል አስረከብኳት። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ዕድሜ» አልኩ። ከበሩ ሳልወጣ ዕቅድሽ ላይ ፈረመች። ሰው እስኪወጣ እንኳ አትታገሥም።

ለአንቺ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልሽ። ድምፅ የሚሰጠው በግንቦት መጨረሻ ቅዳሜ ነው። ሥራሽ ነውና መጥተሽ ታስረጃለሽ፤ ያን ሁሉ ገጽ ኢቲዳል በአማርኛዋ ልትወጣው አትችልም። ሰው ስለ ቀርቀሃው ሲጠይቅሽ ስለ እሳቱም ይጠይቅሻል፤ መልስ ይዘሽ ነይ። እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፤ እጄንም ለተቃውሞ አነሣለሁ። አንድ እጅ ዕቅድሽን አይጥለውም። ግን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ አንቺም ታይዋለሽ።

ስትመጪ የምታርፊው ቤት ነው። በር ላይ የምትለጥፊውን ሁሉ አስቀድመሽ ለእኔ ታሳያለሽ።

ፈጣሪ ሥራሽን ይባርክልሽ አልልም። አንቺን ግን ይባርክሽ፣ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅሽ፣ በሰው ፊት አያሳፍርሽ። ሁለቱን ለየብቻ ነው የምይዘው።

አባትሽ
ደባልቄ
የማኅበሩ ተራ አባል