ከሬዲዮ ያስነሳሁት ማስታወቂያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ሬዲዮ ጣቢያው የኽምጣና ቋንቋ ፕሮግራሙን ከዘጋ ወዲህ፣ የሰቆጣ ወጣቶች እዚያ ከሚያስተዋውቅ ነጋዴ ማንም እንዳይገዛ አድመዋል። ማር መሸጫዬ ድረስ መጥተው፣ "እትዬ፣ ማስታወቂያዎን ካላነሱ ደጅዎን የሚረግጥ የለም" አሉኝ። ልጆቹ እውነታቸውን ነው፤ ቋንቋው የእኔም ነው። ግን እኔም የማስተዋውቀው በኽምጣና ነበር፤ በጣቢያው የቀረው ኽምጣናም እሱ ብቻ ነው። ይህንን ብነግራቸው፣ "አድማ አድማ ነው" ብለው ሄዱ። ብቻዬን መቅረቱን ፈራሁና ዛሬ አስነሳሁት።

አመሻሽ ላይ አማርኛ የማትሰማው እናቴ፣ እንደ ልማዷ ድምፄን ልትሰማ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ጠብቃ ጠብቃ ዘጋችው።

"ይኼ ሬዲዮ ተበላሽቷል፤ የሚገባኝን መናገር ተወ። ነገ ወስደሽ አሠሪልኝ" አለችኝ።

እሺ አልኳት።