መጥበሻው እንዴት እንደሚሟሽ ለማያውቀው ወንድሜ

ለምወድህ፣ በዚህ ሳምንት ግን ሳስብህ ጥርሴን ለሚያስነክሰኝ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጉሮሮህስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ ስትናገር ሻከር ብሎብኝ ነበር። ሚስትህስ፣ ከሠርጋችሁ ጀምሮ ሙሽሪት የምላት፣ ደህና ናት? ወገቧን ያማት ነበር፤ ተሻላት? ትንሿ ልጅህስ የተነቃነቀው ጥርሷ ወለቀላት ወይስ አሁንም በምላሷ ስትገፋው ትውላለች? አባባ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስህን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ደህና ነው፣ ምግብ ብቻ እንቢ አለ» ትለኛለህ፤ ምግብ እንቢ ያለ ሰው እንዴት ደህና እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ንዴቴ ነው ያልተሻለው።

በስልክ ብትነግሪኝ አይሻልም ነበር ትል ይሆናል። በስልክማ ነገርኩህ። «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» እያልክ በዚያ ቆንጆ ድምፅህ ትሸኘኛለህ፤ ስልኩን ሳልዘጋው ረስተኸዋል። ይህን ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ አጣጥፈህ ኪስህ እንዳትከተው፤ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈው። ስድስተኛዬ ነው። አምስቱ የት እንደገቡ አንተና ኪስህ ታውቃላችሁ።

የምጽፍልህ ከምሳ በኋላ ባለችን ዕረፍት፣ ከፋብሪካው ምግብ ቤት ጓሮ፣ የተገለበጠ የሽንኩርት ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ለሁለት መቶ አርባ ሠራተኛ ምሳ አወጣን። የማሽን ክፍል ሠራተኞቹ ደግመው ተሰለፉ፤ ዘበኞቹ የድስቱን ቂጥ አስፋቁን። ዋናው አብሳያችን፣ ሁሉን ነገር የእጅ ሰዓቱን እያየ ስለሚያዝ «ሰዓቱ» ያልነው፣ ሰው አመስግኖ የማያውቅ ሰውዬ፣ ዛሬ ራሱን ነቅነቅ አደረገልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የማላውቀውን ይህን ሁሉ ሰው አጥግቤ፣ የገዛ አባቴ ሳህኑን ሳይነካ ከገበታ እንደሚነሳ ሳስብ ብዕሬን ይዤ ወደዚህ ጓሮ ወጣሁ።

ለአንድ መጥበሻ ይህን ያህል መንጨርጨር ምንድነው እንዳትለኝ። አባባ ከሌላ ዕቃ የወጣ ነገር አፉ አያስገባም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። የቦይ ክዳን በሚሠሩበት በዚያ ብረት ማቅለጫ ሳለ፣ የተረፈች ብረት አለቃውን አስፈቅዶ በአሸዋ ቅርጽ አፍስሶ ያወጣው መጥበሻ ነው። እጀታው አጭር ነው፣ ሥሩ ላይ አየር የተወው ቀዳዳ አለው፣ ለማንሳት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ውስጡ ግን እንደ መስተዋት ነበር። እንቁላል ስትሰብርበት እንቁላሉ ራሱ ይንሸራተት ነበር። ያ ጥቁረት የሃያ ስድስት ዓመት ዘይትና እሳት ነው።

ሙሽሪት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አነሳችው። በሳሙናና በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፍትግ አድርጋ፣ ግራጫ እስኪሆን ድረስ! «ጥቀርሻውን አስለቀቅኩላችሁ» ብላ ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ የሰው ቆዳ የተገፈፈ መሰለኝ። እሷን አልቆጣም፤ ንጹሕ ሰው ናት፣ ጥቁር ነገር አየች፣ አጠበች። እኔ ከሄድኩ ወዲህ ከአንድ ወር በላይ እዚያ ማድቤት ስትገባና ስትወጣ አንድ ቀን ያልነገርካት አንተን ነው የምቆጣው።

ከዚያ ጻፍኩልህ። ግልጽ አድርጌ «መጥበሻውን አሟሸው» አልኩህ። አንተም በሳምንቱ «አሟሽቼዋለሁ፣ ግን እንቁላሉ ሙጭጭ አለ፣ አባባም ሳህኑን መለሰው» አልከኝ። ድጋሚ አሟሸው አልኩህ። ድጋሚ አሟሸሁት አልከኝ። እኔ እዚህ ዘይቱ ተበላሽቶ ይሆን፣ ምድጃው አልነድ ብሎ ይሆን እያልኩ አእምሮዬን ሳዞር ከረምኩ። ባለፈው እሑድ ደውዬ በል ያደረግከውን አንድ በአንድ ንገረኝ ስልህ ምን አልከኝ? «መድረክ ከመውጣቴ በፊት ጉሮሮዬን እንደማሟሸው ነዋ፤ ለብ አደረግኩት» አልከኝ። ለብ! ወንድሜ፣ ለብ! ሙቅ ውሃ በማር የሚጠጣው ያንተ ጉሮሮ ነው። ማርም ጨምሬበታለሁ ብትለኝ አይደንቀኝም ነበር።

እንግዲህ አንዴ ለሁሌ ስማኝ። በሙቅ ውሃ አጥበህ ወዲያው እሳት ላይ ጣደው፤ አንድ እንጥፍጣፊ ውሃ እንዳይቀርበት። ሲሞቅ በጨርቅ ዘይት ቀባው፤ ውስጡንም ጀርባውንም እጀታውንም። ከዚያ በመቀባትህ የተጸጸትክ ይመስል መልሰህ ጥረገው። ዘይቱ ከበዛ ማስቲካ ይሆንብሃል። መስኮት ክፈትና እስኪጨስ አንድደው፤ ሲጨስ ደንግጠህ አታውርደው፣ መጨስ አለበት። ጭሱ ሲያልቅ አብርደህ እንደገና ቀባ። አራት ጊዜ፤ ካልጠቆረ አምስት ጊዜ። የማሟሸት ነገር ይኸው ነው፤ ዘፈን የለበትም።

ከዚያ በኋላ ምን ልሥራበት ላልከው፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ድንች ነው። ድንቹን በትንሽ ጣትህ ውፍረት ቆርጠህ በጨርቅ አድርቀው። ዘይቱ ሲግል ደርድርና እጅህን ሰብስብ። አንተ ምንም ነገር ሲጠበስ እንደ ከበሮ ካልነካካኸው አይሆንልህም። ተወው! ድንቹ ሥሩ ሲጠነክር ራሱ ይለቅሃል፤ ካልለቀቀ አልደረሰም ማለት ነው። ሽንኩርቱ መጨረሻ ይገባል፣ ጨውም መጨረሻ። ሲወጣ ዳሩ ቡናማ ሆኖ ይንኮሻኮሻል፣ መሃሉ እንደ ቅቤ ይሆናል። አባባ ይህን በባዶ እጁ ከመጥበሻው እያነሳ ሲበላ ስንት ጊዜ ሳቅን።

ዓሣ ከተገኘ ቆዳውን ወደ ታች አድርገህ አስተኛው፤ ከላይ በማንኪያ ጀርባ ጫን በለው፣ አለበለዚያ ይሸበሸባል። አጥንቱን ለአባባ አንተ ልቀምለት፤ ዓይኑ እንደ ድሮው አይደለም። ያደረ ዳቦ ደግሞ እንዳትጥሉ፤ ሥጋ በተጠበሰበት ስብ ላይ ግልብጥ ግልብጥ ብታደርጉት ትንሿ ልጅህ ሌላ ምግብ አልበላም ትላለች። የበቆሎ ዱቄት ዳቦም ይጋገርበታል፤ ክዳን ደፍተህ በቀስታ እሳት ነው፣ ሲገለበጥ ቅርፊቱ ቂው ማለት አለበት። ሥጋ ሲሆን ትንሽ ትንሽ እያደረግክ ጥበስ፤ አንድ ኪሎ በአንዴ ከዘረገፍክበት ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ቲማቲም ግን ጥቁረቱ እስኪመለስ ድረስ በዚያ መጥበሻ አካባቢ አይለፍ፤ ኮምጣጣ ነገር የለፋህበትን ሁሉ ይልጠዋል። እንቁላሉን መጨረሻ ሞክረው። እንቁላል ካልያዘ መጥበሻው ድኗል፣ አባባም

ይህን የጻፍኩት ትናንት ነው። እዚህ ላይ ስደርስ «ሰዓቱ» ለእራት ሽንኩርት ክተፉ ብሎ ጠራን፤ ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ገባሁ። ዛሬም አልጨርሰውም።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደወለችልኝ። የደወለችው ልታስቀኝ ነበር። አባባ ማክሰኞ ዕለት ሱሪውን ወገቡ ላይ ለማስጠበብ ወደ እሷ ዘንድ ሄዶ ነበር። እሷ ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ በዚያ ጆሮው በወለቀ ስስ መጥበሻዋ ለምሳዋ ድንች ትጠብሳለች። ወገቡን ልትለካው ስትል ድንቹ ያርርባት ጀመር። አባባ «ልጄ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እሱን እኔ ላገላብጥልሽ» አላት። «ኧረ አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ብትለውም እጁ ቀድሞ መጥበሻው ላይ ደርሷል። እሳቱን ቀነሰ፣ አገላበጠ፣ ሽንኩርት አምጪ አላት፣ ጨው አምጪ አላት፣ ቢላዋሽ ዶልዱሟል ብሎ ተቆጣት። ለእሷ አወጣላት። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁለት ሳህን በላ፤ ሁለት ሳህን! የቀረውን በዳቦ ጠርጎ አነሳው። «እንዲህ የሚበላ ሰው ነው እንዴ ሱሪ የሚያስጠብበው?» ብላ ብትቀልድበት፣ «እቤትማ እሳት አያስነኩኝም» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ይህን እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ ግን ይህን ደብዳቤ አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእሷ መጥበሻ ብረት አይደለም፣ አልተሟሸም፣ ስስ ነው፣ ሁሉ ነገር ይይዝበታል፤ አባባ ግን ከእሱ ላይ ሁለት ሳህን በልቷል። እኔ ስድስት ደብዳቤ ሙሉ ስለ ብረት ስጨቀጭቅህ ከረምኩ።

እሳት አያስነኩኝም ያለው እናንተን ነው፤ ትእዛዙ ግን የእኔ ነው። ልሄድ ባልኩ ሰሞን ምድጃውን ሳያጠፋ ወጥቶ መጋረጃው የነደደ ቀን ትዝ ይልሃል። ደንግጬ ነበር። አንተንና ሙሽሪትን ጠርቼ አባባ ከእንግዲህ ምድጃ አጠገብ እንዳይደርስ፣ ሻይ እንኳ ራሱ እንዳያፈላ ብዬ አስጠነቀቅኳችሁ። እሱ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እኔ ፊቱን አላየሁትም፣ ሻንጣዬን ነበር የማየው። አንተም ከነገርኩህ ሁሉ ያንን አንዱን ብቻ ልቅም አድርገህ ፈጸምክ።

አሁን ቆሽቴ የሚያርረው በራሴ ነው። እናታችን ያረፈች ጊዜ ከብረት ማቅለጫው ፊቱ አመድ እንደመሰለ መጥቶ፣ ሸሚዙን ሳይቀይር ምድጃው ፊት የሚቆመው እሱ አልነበረም? ለአንተ ድንቹን ሲያበርድልህ፣ ለእኔ መጥበሻውን በሁለት እጅ እንዴት እንደምይዘው ሲያሳየኝ? እኔ ያን ሁሉ ከእሱ ተምሬ ለሰው አብሳይ ሆንኩ፤ እሱን ከገዛ ማድቤቱ አስወጣሁት። ያልበላው ሳህን ሲመለስ ምግቡን ጠረጠርኩ፣ ዘይቱን ጠረጠርኩ፣ ሚስትህን ጠረጠርኩ። እሱን ምን ሆንክ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከላይ የጻፍኩልህን እርሳው። መጥበሻውን አታሟሸው፤ ግራጫ እንደሆነ፣ እንደተፋቀ ወስደህ ጭኑ ላይ አስቀምጥለትና «አባባ፣ አበላሸነው» በለው። ይሳደባል፤ ይሳደብ። ሽቦውን ማን አመጣው ብሎ ቤቱን ያናውጠዋል፤ ያናውጠው፣ ሙሽሪትን ብቻ አስቀድመህ ንገራት። ከዚያ ክብሪቱን ስጠው። መጋረጃውን ከዚያ መስኮት አውርዱት፣ የምድጃውን ማጥፊያ ወጥታችሁ ስትገቡ አንዴ እዩ፤ እሱ ሳያይ እዩ። እጁ ቢንቀጠቀጥ ከእጁ አትንጠቀው። ድንቹን ቢያሳርረው ያረረውን ብላ፣ ደግመህም ጠይቅ። ደግሞ እባክህ እየጠበሰ ሳለ እኔ የነገርኩህን እንዳታስተምረው፤ እኔ የማውቀው ከእሱ የሰማሁትን ግማሹን ነው።

ለሙሽሪት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በፎቶው ጊዜ ዝም ያልኳት ተናድጄ እንደነበር ታውቃለችና ይቅር ትበለኝ። ትንሿን ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጥርሷ ከወለቀ እንዳትጥለው፣ አይቼው እስቃለሁ። ልብስ ሰፊዋን ቢላዋዋን ወደ አባባ ትላክ፣ ይሳልላት በልልኝ። አንተንም ናፍቄሃለሁ፤ ብናደድብህም ያው ያለኸኝ ወንድም አንተ ነህ።

ለአባባ ግን ሰላምታዬን አንተ እንዳታደርስልኝ። ፖስታው ውስጥ በአራት የታጠፈች ሌላ ወረቀት አለች፤ የእሱ ናት፣ ሳትከፍታት እጁ ላይ አድርስለት። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ስለ እሱ ስድስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለእሱ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ያልካት እህትህ

ከፋብሪካው ምግብ ቤት ጓሮ
ረቡዕ ተጀምሮ ሐሙስ፣ ጥር 19 ቀን ያለቀ