ባለቤት የታጣለት የስኑከር ጠረጴዛዬ

ግንቦት 13 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወጋየሁ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ላፍቶ

ጉዳዩ፦ አምስት ድንጋዮችንና አንዲት ባለቤትን ይመለከታል

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ውድ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ማኅተም እንደምን ሰነበታችሁ? ማኅተሙን ለይቼ መጠየቄ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ በመጣሁ ቁጥር «ማኅተሙ የለም» እየተባልኩ ስለተመለስኩና አንድ ነገር ደርሶበት እንዳይሆን ከልብ ስላሳሰበኝ ነው። እኔ፣ በረንዳዎ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ወገቤን ካጎበጠው በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ብዙ ባለጉዳይ ስለሚያስተናግዱ ዘንግተውኝ ይሆናልና ራሴን ላስታውስዎ። ተሾመች ዳኜ እባላለሁ። ከሀና ማርያም ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ፣ አባቴ ትቶልኝ በሄደው ቤት ብቻዬን የምኖር የአንድ ፋብሪካ የታይፕ ጸሐፊ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያው ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ የስኑከር ክፍል ኃላፊ ስለነበረ፣ እኩዮቼ ገመድ ሲዘሉ እኔ በሣጥን ላይ ቆሜ ኳስ ወደ ቀዳዳ መስደድ ተማርኩ። ዘንድሮ የክበቦች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ምድብ መክፈቱን ስሰማ ተሽቀዳድሜ ተመዘገብኩ፤ ቀኑም ቅዳሜ ግንቦት 9 ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። በሕይወቴ «ይህንንስ እችላለሁ» የምለው ነገር ይኸው አንዱ ሲሆን፣ መቻሌን በሰው ፊት የማሳይበት ቀንም ያው አንዱ ነበር።

ችግሩ የመለማመጃ ቦታ ነው። የእኛ ክበብ ተዘግቷል። አንድ እሑድ ደፍሬ ወደ አንድ ከረምቡላ ቤት ብገባ፣ ገና ዱላውን ሳልጨብጥ ሦስት ሰዎች ቢራ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ስለዚህ የተዘጋው ክበብ ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ፣ አባቴ ሃያ ዓመት አቧራውን ያራገፈለትን አሮጌ ጠረጴዛ ገዛሁ። እንዲበቃውም በሳሎኑና በመኝታ ቤቴ መካከል የነበረውን ግድግዳ አፍርሼ፣ አልጋዬን ወደ ዕቃ ቤት አዛወርኩ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ በቅድሚያ የግንባታ ተቆጣጣሪዎን አቶ እስጢፋኖስን አመሰግናለሁ። መጋቢት 20 ቀን ጠረጴዛው ተፈታትቶ በአይሱዙ ሲመጣ፣ ከቀበሌው በር ላይ አስቁመው ጭነቱን አንድ በአንድ መረመሩ። የስኑከር ጠረጴዛ ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ድንጋይ መሆኑን እርስዎ ዛሬ በሚገባ ያውቃሉ፤ አቶ እስጢፋኖስ ግን በዚያ ቀን አምስት ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ሲያዩ፣ ጨረቃ ቤት ልሠራ እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ጨርቁን ባሳያቸው መጋረጃ ነው አሉ፤ ኳሶቹን ባሳያቸው ደግሞ ነገር ለማድበስበስ ያመጣኋቸው መሆኑን ነገሩኝ። ከቤቴ ጀርባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቤቶች በቅለው ቆርቆሮ እስኪለብሱ ድረስ አንድም ድንጋይ ዓይናቸው ውስጥ ያልገባ ሰው፣ የእኔን አምስቱን በአንድ እይታ መለየታቸው እጅግ አስደንቆኛል። ድንጋዮቹን በቀበሌው ግቢ ካለው ዛፍ ሥር አስወርደው ያዙብኝ፤ እግሮቹንና እንጨቱን ግን በቸርነታቸው አሳልፈውልኛል። ስለዚህ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ስምንት እግር ያለው፣ ላይ የሌለው ጠረጴዛ ቆሟል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

2ኛ/ ቀጥሎ የመዝገብ ቤቷን ወይዘሪት ራኬብን አመሰግናለሁ። አቶ እስጢፋኖስ የሰጡኝ ወረቀት «የንብረቱ ባለቤት ማክሰኞ ይቅረብ» ስለሚል ማክሰኞ ቀረብኩ። ወይዘሪት ራኬብ ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ አየት አድርጋ «ባለቤትሽስ?» አለችኝ። ባለቤቱ እኔ መሆኔን ስነግራት «የማን?» አለች፤ የጠረጴዛው ስላት ቅጽ ፍለጋ መሳቢያዋን ከፈተች። የንብረት መመዝገቢያ ቅጽ አልቆ ኖሮ፣ ከወረዳ እስኪመጣ ተብሎ የቤተሰብ መመዝገቢያው ቅጽ ተሰጠኝ። «ባለቤት» በሚለው ክፍት ቦታ፣ ወረቀቱ የሚጠይቀኝ ስለ ንብረቴ መስሎኝ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ራሴ» ብዬ ሞላሁ። አምስቱን ድንጋዮች የሚያሰፍሩበት ሌላ ሠንጠረዥ ባለመገኘቱም ወይዘሪት ራኬብ «ልጆች» በሚለው ሥር ከአንድ እስከ አምስት ጻፈቻቸው፤ ዕድሜያቸውን «አሮጌ» አለች፤ ጾታቸውን ለጊዜው አለፈችው። በቀበሌያችን መዝገብ እኔ ራሴን ያገባሁ የአምስት ልጆች እናት ነኝ ማለት ነው። ከቀበሌው ሱቅ የሚሰጠው ስኳር ለእነሱም የሚደርሳቸው ከሆነ በዚህ አጋጣሚ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስቄ በዝምታ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን በሳምንቱ አቶ እስጢፋኖስ ፋይሉን አንብበው በመንግሥት ቅጽ እንደቀለድኩ ቆጠሩት፤ ባለቤቴም መታወቂያውን ይዞ በአካል እንዲቀርብ አዘዙ። ባለቤት የለኝም ብል ንብረቱ ባለቤት የለውም ማለት ሆነብኝ፤ አለኝ ብል ደግሞ የት አለ ተባልኩ። ሁለት ሳምንት በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ስንዞር ከርመን በመጨረሻ ወደ እርስዎ ቀረብኩ። እርስዎም በአባትነት መንፈስ፣ ወንድምም ይሁን አጎት፣ ብቻ አንድ ወንድ ይዤ መጥቼ እንዲፈርምልኝና ነገሩ እንዲያልቅ መከሩኝ። ስለ ምክርዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንቢ ያልኩበትን ምክንያት ያን ዕለት ስላልጠየቁኝ ዛሬ ልንገርዎ፦ አንደኛው አጎቴ ስኑከር የመጠጥ ስም ይመስለዋል፤ እሱ ፈርሞ የሚያስወጣው ጠረጴዛ ደግሞ በወረቀት የእሱ እንጂ የእኔ አይሆንም። የአባቴን ጠረጴዛ ራሴ ሠርቼ ገዛሁት። የእኔ ነው ለማለት ባል ማግባት አለብኝ እንዴ? ይህን ስጽፍ ብዕሩን አጥብቄ ስለተጫንኩት፣ ወረቀቱ ላይ የፈሰሰውን ቀለም ይቅር ይበሉኝ።

በመሥሪያ ቤትዎ ጉዳዬ የገባው ሰው ቢኖር ዘበኛው አቶ ዲንሳ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ስቀመጥ ቢያየኝ አዝኖልኝ «እቴ፣ ለአንድ ቀን ባል ልሁንሽና ድንጋይሽን ውሰጂ፤ ለሚስቴ እኔ አስረዳታለሁ» አለኝ። ሳልቀበለው ብቀርም፣ በዚህ ሁሉ ሰሞን ከቀበሌው ሰዎች ራሱ ሊፈርምልኝ የቀረበ እሱ ብቻ ስለሆነ በመዝገብ ይያዝለት።

3ኛ/ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲበረታ በቢሮዎ ደጃፍ ያለው ቦይ ሞላ። አንድ ጠዋት ስመጣ፣ ከዛፉ ሥር የነበሩት ድንጋዮቼ ከቦዩ እስከ በረንዳው ተነጥፈው ሕዝቡ በላያቸው ሲያልፍ አገኘሁ። ስለ ድንጋዮቹ ጥቂት ላስረዳዎ። እያንዳንዱን የሚያነሱት አራት ጎልማሶች ናቸው፤ በላዩ ላይ የተለቀቀ ኳስ ወደየትም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ሆኖ የተሞረደ ነው። በቀበሌያችን ካለው ነገር ሁሉ እንደ እነሱ ያልተጣመመ የለምና፣ ለመረማመጃ መመረጣቸው አልገረመኝም። እኔም ጫማዬን ከጭቃ ጠብቄ በራሴ ጠረጴዛ ላይ እየተራመድኩ ስለ ጠረጴዛዬ ልለምን እገባ ነበር። የቢሮዎ አዲሱ የብረት ቁም ሣጥን በላያቸው እየተጎተተ የገባ ዕለት ግን አራተኛው ድንጋይ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀ ድንጋይ ቢጠገንም ኳስ ያወላክፋል። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ፣ ላይ የሌለውን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዤ አለቀስኩ። ይህንን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን የቁም ሣጥኑ ርክክብ ሙሉ እንዲሆን ነው።

4ኛ/ ወደ መጨረሻው ስመጣ፣ ግንቦት 7 ቀን በፊርማዎ የወጣ መጥሪያ ደረሰኝ። ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት እንድቀርብ፣ ካልቀረብኩ ግን ድንጋዮቹ ባለቤት እንደሌላቸው እንደሚቆጠር ይገልጻል። ከሦስት መቶ ስድሳ አምስቱ ቀናት መካከል ያችኑ መምረጥዎን ሳይ፣ ለእኔ የተለየ ትኩረት እንዳለዎት ተረዳሁ። ዓርብን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ሰባት ሳምንት አንድም ኳስ ሳልመታ ብሄድም መጫወቴ አይቀርም ነበር፤ እጄ ልማዱን አይረሳም። ነገር ግን ውድድሩ ለከርሞም ይኖራል፤ ጠረጴዛው ግን ዛሬ ካመለጠ አመለጠ አልኩና ዱላዬን ከግድግዳው አስደግፌ ወደ እርስዎ መጣሁ።

በሩ ተቆልፎ ነበር። እስከ ሰባት ሰዓት ተቀመጥኩ። እርስዎ አምስት ሰዓት ገደማ ብቅ ብለው፣ የረሱትን ጃንጥላ አንስተው ሲወጡ መጥሪያውን ባሳይዎ፣ «ቅዳሜ ሥራ አለ እንዴ? ዓርብ ለማለት ነው» ብለው ፈገግ አሉልኝ። ሰኞ ጠዋት በበሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ በተባለው ቀን ባለቤት ያልቀረበላቸው አምስት ድንጋዮች ለሕዝብ መተላለፊያነት እንዲውሉ መወሰኑን ያበስራል። ከሥሩም ማኅተም አለበት። ማኅተሙ በሕይወት መኖሩን በዓይኔ በማየቴ ጭንቀቴ ቀሎልኛል።

ክቡር ሆይ፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ድንጋዮቼን መልሱልኝ። የተሰነጠቀውንም ጨምራችሁ፣ እንዳመጣኋቸው፣ በስሜ መልሱልኝ።

ቢሮዎ ከጭቃ፣ ወንበርዎ ከመነቃነቅ እንዲጠበቅልዎ እየተመኘሁ፣ ለሰላምታ የሚመጥን ሌላ ቃል ስላጣሁ በዚሁ እሰናበታለሁ።

ተሾመች ዳኜ
ባለቤት

ግልባጭ፦
ለአቶ እስጢፋኖስ፣ ከኋላዬ ያሉትን ሦስት ቤቶች አድራሻ ጨምሬ
ለወይዘሪት ራኬብ፣ ለልጆቼ ፋይል
ለአቶ ዲንሳ፣ በአክብሮት

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ከውድድሩ አዘጋጆች ወረቀት መጣልኝ። የሴቶቹ ምድብ በደንቡ መሠረት አራት ተወዳዳሪ ስላልተገኘለት መሰረዙንና፣ ሴቶች ፍላጎት እንደሌላቸው በመታየቱ ለከርሞም ከመርሐ ግብሩ መውጣቱን ይገልጻል። ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሴቶች ዱላቸውን ይዘው እስከ ቀትር ጠብቀዋል አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የምትባለዋ እኔው ነኝ። አራተኛዋ የት ገባች ብሎ የሚጠይቅዎ ቢኖር ግን ይንገሩልኝ፤ ጃንጥላዎን ይዘው ሲወጡ እንዲያልፉ ብላ እግሯን የሰበሰበችልዎት ሴት ናት።