ከካሜራው ኋላ የቆምነው ሰዎች

ለተከበሩ ኦቦ ዓብዲሳ ሞቲ
የከተማችን ገጽታ ግንባታ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፦

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሁሉ ሰላም ነው? እኛ የላይ ሰፈር ነዋሪዎች ከውሃ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለሚነግረኝና ይህን የመሰለ ረጅም ስብሰባ ማቋረጥ ነውር ስለመሰለኝ ነው።

አስቀድሜ ከአዲስ አበባ ስላስመጡት ካሜራ አመሰግናለሁ። ባለሙያው አቶ ሶፎንያስ በትዕግሥት እንዳስረዳን፣ ይህ ካሜራ አናቱ ላይ ባለው ክብ መስታወት ዙሪያውን ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነሳል፤ ፊትና ኋላ የለውም። እርስዎም ራስዎን እየነቀነቁ ሲያዳምጡ አይቻለሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ገለጻው እንዳለቀ፣ ትልቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደሚያደርጉት፣ ጄሪካን ይዘው አደባባዩ ላይ የተሰለፉትን እናቶች «ከካሜራው ኋላ ሁኑ» ብለው እየገፉ ወደ ደረቀው የውሃ ቦኖ ወሰዷቸው። ካሜራውም ታዛዥ ነውና ቦኖውንም፣ እናቶቹንም፣ የሚገፉትን እርስዎንም አብሮ አነሳ።

ሁለተኛ፣ ምስሉ በትልቅ ሸራ ታትሞ አምቦ ከተማ ባለ አዳራሽ ውስጥ ክብ ሆኖ ሲሰቀል፣ ለውሃው ሥራ የመጡት እንግዶች መሐሉ ቆመው ከተማችንን እዚያው ያሉ ያህል አዩ። አዲሱ የውሃ መስመር የትኛው ሰፈር እንደሚገባ የሚመርጡት እነሱ ነበሩ። ያዩት አበባና አዲስ ቀለም የተቀባውን ቢሮዎን ነው። አብራኝ ልታይ የሄደችው ጎረቤቴ አዴ ባየሽ ሸራውን በጣቷ እየተከተለች ራሷን ስትፈልግ ቆይታ «ታዲያ እኛ የት ገባን?» አለችኝ። የገባንበትን በር አሳየኋት። ለመግቢያ ተብሎ ሸራው የተቆረጠው ልክ እኛ የቆምንበት ላይ ነበር። እንግዶቹም የእኛ ሰፈር አጣዳፊ ችግር የለበትም ብለው መስመሩን ለሌላ ሰፈር አጩት።

ሦስተኛውን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ብዙ ሞክሬአለሁ። መውለጃዋ የደረሰው ጎረቤታችን ጊፍቲ ባለፈው ሳምንት ከወንዝ ውሃ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ አዳልጧት ወደቀች። ፅንሱ ደህና መሆኑን ጤና ጣቢያው እስኪነግረን ድረስ እርስዎን ጠላሁዎት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ይህ ስሜት እንዲለቀኝ ጸለይሁ፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ስለዚህ የመስመሩ ውሳኔ ከመጽደቁ በፊት ምስሉ ሳይቆረጥ ለእንግዶቹ እንዲታይ በትሕትና እጠይቃለሁ። በሩን በቢሮዎ በኩል ቢያደርጉት፣ ቢሮዎ ውስጥ ማንም ስለማይገኝ፣ የሚጎድል ሰው አይኖርም።

ስለ ከተማችን መልክ እንቅልፍ ላጡት ለእርስዎ፣ ፊቴን የምታጠብበት ውሃ ባይኖረኝም፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አሰፋሽ ጀቤሳ
መምህርት፣ ከደረቀው ቦኖ አጠገብ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሸራውን የቆረጡት ሰዎች ቸኩለው ኖሮ የተዘረጋ እጅዎን በበሩ ጠርዝ ላይ ትተውታል። እንግዶቹ መውጫውን የሚያሳያቸው አስተናጋጅ መስሏቸው እየሳቁ ወጡ። እጁ ማንን ይገፋ እንደነበር እንዲያውቁ፣ ከአቶ ሶፎንያስ የተቀበልኩትን ሙሉውን ምስል ትናንት ልኬላቸዋለሁ። አይስጉ፣ ፊትዎ በጣም ጥርት ብሎ ወጥቷል።