የቀጭን ውኃ ባለ ርስቶች

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጌጡ ዋለ፣ ሐረር።

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ጉልበትህስ፣ ያ በክረምት የሚነሣብህ ሳልስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ዓለምጸሐይ፣ በስም እንጂ በመልክ የማላውቃቸው ልጆችህስ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር በአካል ደኅና ነን። እናታችን ማሬም ዓይኗ ቢደክምም ጾሟን አልተወችም። ልባችን ግን ደኅና አይደለም። ይህን ቃሌን የሚጽፉልኝ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ናቸው፤ ከአፋቸው እንዳይወጣ ለምኛቸዋለሁ።

ጌጡዬ፣ በጥር መጨረሻ፣ እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ ግብር የሚመዘግብ ጸሐፊ በበቅሎ መጣ። መዝገቡን ገልብጦ ገልብጦ «ቀጭን ውኃ የሚባል አገር እዚህ የለም። ባለ ርስቱ ማን ነው?» አለ። አሥራ አንድ ጎጆ ሆነን ከወንዙ ዳር ስንኖር ግብራችንን ከደጋው ሰዎች ጋር ደርበን ስለነበር የምንሰጠው፣ ስማችን ከመዝገብ አልገባም። ደጋዎቹ ግን ቀድመውን «እነዚህ ከስማዳ የመጡ መጤዎች ናቸው። መሬቱ በኅዳር በሽታ ያለቁ የሩቅ ዘመዶቻችን ርስት ነው፤ ይልቀቁልን» አሉ። የዚያን ዕለት ባንድም ቤት እሳት አልነደደም። ልጅና ከብት ይዘን ወዴት እንሄዳለን?

ጸሐፊው ያንን ዘመን የሚያውቅ ሰው በግዝት ይናገር አለ። የቀሩት እማሆይ ውባለም ብቻ ናቸው። ቄሱ ገዘቷቸው፤ እሳቸውም በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ አሉ።

«በዐሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ኅዳር አራት ቤተሰብ ሆነን በሽታውን ሸሽተን ከስማዳ ወጣን። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እዚህ ወንዝ ስንደርስ አምስት ቤት አገኘን። ጭስ የለ፣ የውሻ ጩኸት የለ። በየቤቱ ሬሳ ነው። ከአንዱ ቤት ብቻ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማን፤ የሞተች እናቱን ጡት ይዟል። ሙታኑን ያለ ፍትሐት ቀበርናቸው። ሕፃኑን የዚህ የአዲስዓለም እናትና የኔ እናት ተራ በተራ ጡት አጠቡት። ይህስ ውሎ አያድርም ስንል ዋለ፤ አደረም። ስሙን ዋለ አልነው። መሬቱ የሱ ነው፤ እኛ በሱ ጥላ ነው የኖርን። ወላጅ አልባ ነኝ ብሎ አንገቱን እንዳይደፋ ተማምለን ደበቅነው።»

አባታችን ነው፣ ወንድሜ። የራሱን ነገር ሳያውቅ አፈር ገባ። እናታችን ይህን ስትሰማ ደረቷን እየመታች ተቀመጠች።

ደጋዎቹ ክሳቸውን ተዉ። የሟቾቹ ልጅ ከተገኘ ለሩቅ ዘመድ ምን ይደርሰዋል? ጸሐፊውም «የዋለ ልጆች፣ ካሣነሽና ጌጡ» ብሎ ጻፈ። አገሩ ከመነቀል ዳነ፤ እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ይፈራኛል። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸው ሳይሞላ አንሥተው ይሄዳሉ። አያ አዲስዓለም ከደጄ ቆሞ፣ ጋቢውን አደግድጎ፣ «እመቤቴ፣ ዘንድሮ ልረስ ወይስ ልተው?» አለኝ። በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ ሰው! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ደጋዎቹም አሁን «ዘመዳችን ነሽ» ይሉኛል፤ ባሌን ክንዴንም ጠላ ይጠሩታል። ሲመለስ ዓይኑ ሌላ ሆኖ «ርስት ርስት ነው፤ እነዚህ ይገብሩልን» ይላል። ያለፈው ሳምንት ሰኞ የጭድ ክምራችን በጠራራ ፀሐይ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው አላውቅም፤ ማወቁንም ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ እናታችንን ብቻዋን ትቼ አልወጣም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጨከንሁና ከሽማግሎቹ ፊት ቆምሁ። «በጡታችሁ ያደገው የዋለ ልጅ ነኝ። መሬቱን ከእናንተ ነጥዬ ብወስድ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» ብዬ ማልሁ። ክንዴ ጥሎኝ ሄደ። ያለቀሱ ነበሩ። አያ አዲስዓለም ግን ቀስ ብሎ «ያንቺን ሰማን። የጌጡስ? ወታደር ነው፣ ጠመንጃ ይዟል። መጥቶ ውጡ ቢለን ማን ይመልሰዋል?» አለ። በማግሥቱ ከማሳው ግማሹን አርሶ ግማሹን ተወው።

ጸሐፊው ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ደጋዎቹ ላንተም ጽፈናል ይላሉ፤ ምን እንዳሉህ አላውቅም። እባክህ ቃልህን በእጅህ ጽፈህ ላክልኝና በሽማግሎቹ ፊት ይነበብ። ትንሽ ሳለህ ቁራሽ ስትካፈል ትልቁን ለኔ ትሰጥ ነበር። ይህንኑ ነገርኋቸው። ግን ከተለያየን አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ ረጅም ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ወንድሜ፤ እኔም እንደነሱ ፈርቼሃለሁ።

እናታችን ማሬ ጉንጭህን ትስማለች። ልጄ ብርቱካን «አጎቴን ሰላም በሉልኝ» ትላለች። እማሆይ ውባለም በጸሎታቸው ያስቡሃል። ክንዴም ሰላም ብሎሃል፤ ይህን ማስጻፌን ግን አያውቅም። አያ አዲስዓለም ሰላምታ ሊልክልህ ፈልጎ ነበር፤ ጌጡ ይበልህ ጌታዬ ይበልህ ግራ ገብቶት ተወው።

እኅትህ ካሣነሽ ዋለ
ቀጭን ውኃ፣ ታች ጋይንት
የካቲት ፳፮ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.