የመግቢያ ሰዓት አዋቂዋ የወይዘሮ ቆይ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ አባታቸው፣ ከአራት ልጆች ሁለተኛ ሆነው፣ ከስልሳ ዓመት በፊት በግንቦት ወር ተወለዱ። የተወለዱትም አዋላጇ ከቆረጠችላቸው ቀን ሁለት ሳምንት አሳልፈው ነው። እናታቸው ይህን ባነሱ ቁጥር፣ «ሌሎቹን ወለድኳቸው፤ እሷን ግን ጠበቅኳት» ይሉ ነበር።

ያደጉት ከአንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። አንደኛው ክፍል በስፌት መኪናና በቁርጥራጭ ጨርቅ የተሞላ ስለነበር፣ ልጆቹ የሚጫወቱት ደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ግቢ ነበር። ገመድ ሲዘለል ሌሎቹ ዘው እያሉ እግራቸው ሲጠላለፍ፣ እህታችን ከዳር ቆመው፣ አንገታቸውን ከገመዱ ጋር ከፍ ዝቅ እያደረጉ አይተው አይተው ይገባሉ። አንዴ ከገቡ ደግሞ የሚያስወጣቸው የለም። ገመድ አዟሪዋ ታናሽ እህታቸው ናት፤ ይህን ታሪክ የጻፈችውም እሷው ናት። ክንዷ ዝሎ፣ «እትዬ፣ ወይ ግቢ ወይ ተዪው!» እያለች ስንት ቀን እንደጮኸች ፈጣሪ ይወቀው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት አጠናቅቀው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በኢኮኖሚክስ ተመረቁ። የሒሳብ ጭንቅላት ነበራቸው። የእጅ ጽሕፈታቸው ግን፣ ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። በሃያ አራት ዓመታቸው ባንክ ተቀጥረው ሁለት ዓመት ማኅተም ሲመቱ ከቆዩ በኋላ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የውጭ ምንዛሪ መገበያያ ክፍል ተዛወሩ። እዚያም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠሩ።

ሥራቸውን ለማታውቁ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በምንዛሪ ገበያ አንድ ቀን ሦስት ቀን ነው። መጀመሪያ ቶኪዮ ትከፈታለች፤ ያኔ ዋጋው ብዙም ሳይርቅ እዚያው እዚያው ይንቆራጠጣል። ቀጥላ ለንደን ትከፈታለች፤ ያኔ ሁሉም ባንዴ ይንጫጫል። በመጨረሻ ለንደን ገና ወንበሯን ሳትለቅ ኒውዮርክ ትደርሳለች። ሁለቱ አብረው የሚሠሩባቸው ጥቂት ሰዓታት ናቸው የእህታችን እርሻ፤ ገዢና ሻጭ በብዛት የሚገኘው፣ ዋጋውም ወዴት እንደሚሄድ የሚለየው ያኔ ነው ይሉ ነበር። ለንደን በተከፈተች በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ዋጋው ብድግ ብሎ የቸኮለውን ሁሉ አስከትሎ፣ ወዲያው ዞሮ እንደሚጥለው ያውቃሉ። ዋጋው ወዴት እንዳመራ ማረጋገጫ ሳያዩ፣ ኪሳራ ሲመጣ የሚወጡበትን መቁረጫም ሳይወስኑ አይገቡም ነበር። ለንደን ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ አዲስ ነገር አይጀምሩም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላማ ስክሪኑን የሚያዩት ለወጉ ነበር።

«ወይዘሮ ቆይ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው አለቃቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ለንደን እንደተከፈተች ክፍሉ በሙሉ ለመግዛት ሲሯሯጥ፣ አለቃው ከኋላቸው ቆመው «ግቢ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ብለው ጮኹባቸው። እህታችን ዞር ሳይሉ እጃቸውን ብቻ አንስተው፣ «ቆይ!» አሉ። አለቃን! በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዋጋው ተገልብጦ የገዛው ሁሉ ጭንቅላቱን ሲይዝ፣ አለቃው ከራሳቸው ኪስ ለእህታችን ኬክ አስመጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ በእናት አባታቸው ስም የጠራቸው ሰው የለም፤ እኛም ቤተሰቦቻቸው ቀስ በቀስ ተሸነፍን።

እንግዲህ ወደ ትዳራቸው እንምጣ፤ ብዙዎቻችሁም የምትጠብቁት እሱን ነው። በመገበያያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሦስት ትልልቅ ክብ ሰዓቶች ተሰቅለው ነበር፤ የቶኪዮ፣ የለንደንና የኒውዮርክ። ቶኪዮ ሰዓቷን አትነካካም። ሁለቱ ግን የቀን ብርሃን ለመጠቀም ሲሉ በዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ይወስዳሉ፤ ያውም ቀን ተስማምተው አይደለም። በመጋቢት አንዷ ሌላዋን በሁለትና በሦስት ሳምንት ትቀድማለች፤ በጥቅምት ደግሞ በአንድ ሳምንት። በእነዚያ ሳምንታት ሁለቱ ገበያዎች የሚገናኙበት ሰዓት ስለሚዛነፍ፣ የዘነጋ ነጋዴ ያለ ሰዓቱ ገብቶ ጉድ ይሆናል። ስለዚህ ባንኩ በዓመት አራት ጊዜ ሰዓት ሠሪ እያስመጣ ያስተካክል ነበር።

እህታችን አርባ አንድ ዓመት ሲሞላቸው የድሮው ሰዓት ሠሪ ጡረታ ወጡና በምትካቸው ሌላ መጡ። ሚስታቸው ሞታባቸው የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። መሰላሉን አስደግፈው ሲወጡ ከእህታችን በቀር ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም። ሰዓቱ ለንደን የተከፈተችበት የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስለነበር፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ሥራ የፈቱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የኒውዮርኩ ሰዓት አመል አወጣ። በየወሩ ሦስት አራት ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። እህታችንም ስልክ አንስተው፣ «ኧረ ሰዓቱ ዘገየ!» ይላሉ። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ከነሰከንዱ ተጽፎ ሳለ የግድግዳ ሰዓት ማን ያያል? ክፍሉ በሙሉ ይጠቃቀሳል። በስድስት ዓመት ሃያ አራት ጊዜ መምጣት የሚገባቸው ሰው ሰባ ጊዜ ያህል መጡ። ሰዓቱን በየጊዜው ዝግ እንዲል አድርገው የሚሄዱት ሰዓት ሠሪው ራሳቸው እንደነበሩ በሠርጋቸው ቀን ተናዝዘዋል። እህታችን ደግሞ ከሁለተኛው ጊዜ ጀምረው እንደሚያውቁ ተናዝዘዋል።

በሦስተኛው ዓመት ሰዓት ሠሪው መሰላሉ ላይ እንደቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ቤታችን ለእኔና ለልጄ ይሰፋል፤ ፈቃድዎ ከሆነ እኔ ደስ ይለኛል» አሉ። እህታችን ምን እንደመለሱ መገመት አይከብድም። «እስቲ ትንሽ ይቆዩ» አሉ። ሰውየው አንገታቸውን ነቅንቀው ወረዱ። ትንሽ የተባለው ሦስት ዓመት ሆነ።

ይህ ነገር ታናሽ እህታቸውን ከማንም በላይ አንገብግቧታል። እህቷ ባጠገባቸው ያለውን ሰው በዓይናቸው እያዩ ሊያጡት ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። «እትዬ፣ ሰውየው እኮ ሸበተ!» ትላቸዋለች። «ገና ማረጋገጫ አላየሁም» ይላሉ። «ምን ዓይነት ማረጋገጫ ነው የምትፈልጊው? የሚኒስትር ማኅተም?» ትላለች። «አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ!» ብለው ሳህን ማጠብ ይጀምራሉ፤ የታጠበውን ሳህን።

በአርባ ሰባት ዓመታቸው፣ በመጋቢት ወር አንድ ሰኞ፣ ባንኩ ሦስቱን ሰዓቶች አውርዶ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል የሰዓት ሰሌዳ ለመስቀል ወሰነ። ሰዓት ሠሪውም ለመጨረሻ ጊዜ ተጠሩ። አንድ በአንድ አውርደው በጋዜጣ ጠቀለሏቸው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረው፣ ሥራ ስለቀዘቀዘባቸው በሳምንቱ መጨረሻ ልጃቸውን ይዘው ወንድማቸው ወዳለበት ከተማ እንደሚሄዱ ተናገሩና፣ «እንግዲህ ደህና ሁኑ» ብለው ወጡ።

እህታችን ክው አሉ። እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጣጠፈ ነው። ለንደን በዚያች ቅጽበት ተከፈተች፤ ስልኩ ሁሉ ባንዴ ጮኸ። ያኔ ብድግ ብለው ሮጡ። ማዳመጫውን ስላላወለቁ ገመዱ ተነቅሎ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሊፍቱን ለመጠበቅ እንኳ ትዕግሥት አጡ፤ እሳቸው! አራት ፎቅ በእግራቸው ወርደው ሲደርሱ ሰዓት ሠሪው ጥቅሎቹን ታክሲ ውስጥ እያስገቡ ነበር።

«እሺ» አሏቸው እያለከለኩ።

«ምኑን?» አሉ ሰውየው ግራ ገብቷቸው።

«መሰላሉ ላይ ሆነው የጠየቁኝን።»

«እሱን እኮ ከጠየቅኩ ሦስት ዓመቴ!»

«አውቃለሁ። እሺ ብያለሁ።»

የታክሲው ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንሂድ ወይስ እንቅር?» አለ። ሰዓት ሠሪው ሰዓቶቹን አንድ በአንድ መልሰው ማውረድ ጀመሩ።

በሁለተኛው ወር ተጋቡ። አለቃቸው በሠርጉ ላይ ብርጭቋቸውን አንስተው፣ «ወይዘሮ ቆይ ገበያው በተከፈተ በመጀመሪያው ደቂቃ፣ ያለ ማረጋገጫ፣ ያለ ኪሳራ መቁረጫ የገቡበት ይህ ብቻ ነው» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ መጀመሪያ «እትዬ» እያለች ነበር የምትጠራቸው። አንድ ምሽት ደብተር ስትፈልግ፣ «እማዬ፣ ሰማያዊው የት ሄደ?» ብላ ጮኸች። እህታችን ደብተሩን አውጥተው ሰጧት፤ ከዚያ ለታናሽ እህታቸው ደውለው፣ «ጠራችኝ» ብቻ ብለው ስልኩን ዘጉት። ከሆዳቸው አልወለዱም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እናት ነበሩ፤ እናትነቱም አምሮባቸው ነበር።

በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ጡረታ ወጥተው ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ክፍል ወጣት ነጋዴዎችን አስተማሩ። ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፈው ስክሪኑን በማየት ብቻ ነው፤ አንድ ቁልፍ የነካ ከክፍል ይወጣል። ከደረጃው ሥር ቆሞ የሚነጫነጭ ጎረምሳ ያየ ሁሉ ምን እንዳጠፋ ያውቅ ነበር። ቤታቸው ደግሞ ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ሆነ። ባልና ሚስት ተያይዘው ገበያ ሲወጡ፣ ዳቦ ሲመርጡ፣ በማይረባ ነገር ሲከራከሩ ያየ፣ የትናንት ሙሽሮች ይላቸው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት የቆሽት ሕመም ተገኘባቸው። ሐኪሙ የቀራቸውን ጊዜ ለመናገር ሲያመነታ፣ «ዶክተር፣ ይናገሩት፤ እኔን መዝጊያ ሰዓት አያስደነግጠኝም» አሉት። ባለቤታቸውና ልጃቸው ሌት ተቀን ሳይለዩ አስታመሟቸው። ልጃቸው ስትመረቅም ተደግፈው ሄደው፣ ከአዳራሹ ሁሉ ጮክ ብለው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

ይህ የሕይወት ታሪክ የተጻፈው በሕይወት ሳሉ፣ በራሳቸው ትእዛዝ ነው። ታናሽ እህታቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ስታነብላቸው በየመስመሩ ይስቁ ነበር፤ ስለ እጅ ጽሕፈታቸው የተጻፈውን እንኳ «ይሁን፣ እውነት ነው» ብለው አልፈዋል። «በትዕግሥታቸው ምክንያት ዘግይተው አገቡ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን አስቆሟት። «ሰርዢው» አሉ። «ለገበያው ታግሻለሁ። ለእሱ ግን የዘገየሁት ፈርቼ ነው። እንዳይቆጨኝ ብዬ ስፈራ ስድስት ዓመት አለፈኝ። የማስተምራቸው ልጆች ለቀብሬ ይመጣሉ፤ ትዕግሥት ነው ብለው ተሳስተው እንዳይሄዱ። ባሌም እዚያ ይኖራል፤ በሰው ፊት ይስማው።» እህታቸው አለቀሰች። እሳቸውም፣ «አይዞሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እኮ ጥሩ ነው፤ አንብቢ» አሏት።

በሰኔ ወር ሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሦስት እህት ወንድሞቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ደረጃ ሥር ቆመው ያደጉት ተማሪዎቻቸው ሁሉ እዚህ አሉ።

በታዘዘው መሠረት ያ ዓረፍተ ነገር ተሰርዟል። በምትኩ የተጻፈው ይህ ነው፦ እህታችን ስድስት ዓመት ፈሩ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ግን ደስ ብሏቸው ኖሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያስጠብቅ ይቀበልልን።